ሳልጠይቅ የሸጥኩት አሥር ፍሬ

ነጋዴ ጡረታ የለውም። የመንግሥትን ሰው መንግሥት ያወጣዋል፤ ነጋዴን የሚያወጣው ወይ ኪሳራ ነው ወይ ሞት። እኔን ግን ያወጣኝ ዓይኔ ነው። አንድ ማለዳ መቱ ከተማ ሱቄ ውስጥ ቆሜ የብልቃጥ ጽሑፍ ሳነብ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተንቀሳቀሰብኝ። መነጽሬን ጠርጌ ደገምኩት፤ ጉንዳኑ አልቆመም። ብልቃጡን ወደ ቦታው መለስኩና በዚያው ሳምንት የመድኃኒት ሻጭነት ፈቃዴን ከግድግዳ አውርጄ ጎሬ ድረስ ወስጄ አስረከብኩ። የተቀበለኝ ጸሐፊ፣ «ሰው ፈቃድ ሲነጠቅ እንጂ ሲመልስ አይቼ አላውቅም» አለ።

«እኔም ማየት ስላቃተኝ ነው የመጣሁት» አልኩት።

አልሳቀም። ቢሮ ውስጥ ቀልድ ማመልከቻ ካልተጻፈለት አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ በረንዳ ላይ መቀመጥ ሆነ። ወደ ጤና ጣቢያው ለልምምድ የሚመጡ ድሬሰሮችና የነርስ ተማሪዎች ብቅ እያሉ «ጋሼ መኩሪያ፣ የድሮውን ያጫውቱን» ይሉኛል። እኔም አጫውታቸዋለሁ። የቁስል ቅባቱን ዳቦ ላይ ቀብቶ የበላውን ሰውዬ፣ የሰልፋ ኪኒኑን ከነወረቀቱ የዋጠውን ዳኛ፣ አስፕሪን በጥብጦ ለበቅሎው ያጠጣውንና «እሷ ተሽሏታል፣ አሁን ለእኔ ስጠኝ» ያለኝን ቄስ እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። በቀደም ግን አንዲት ቀጭን ተማሪ ሳትስቅ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ስሕተት ነው። እርስዎስ ተሳስተው አያውቁም?» አለችኝ።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ጠጪ» አልኳት።

የሚከተለው ለእሷ መልስ ነው።

*

ኢሉባቦር የገባሁት ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመት፣ ሁለት በቅሎ እየነዳሁ ነው። የትውልድ አገሬ ሸዋ ነው። ይዤ የመጣሁት ጨው፣ አቡጀዲና መርፌ ነበር፤ የስፌት መርፌ ማለቴ ነው፤ የሌላው መርፌ ዘመን ገና ነበር። አንድ ቀን ሁሩሙ፣ አንድ ቀን ጎሬ፣ ሲመቸኝ ዳሪሙ ድረስ እየወረድኩ በየገበያው እዘረጋለሁ። ትምህርት ቤቴ ገበያ፣ መምህሬ ያታለለኝ ሰው ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ሒሳብ ያወቅኩት ተሸውጄ ነው።

ኪኒን መሸጥ የጀመርኩት ከሳሙና ጋር ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ከአዲስ አበባ በአንድ ሣጥን ይመጡ ነበር፤ ኪኒኑ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ገበሬው ደግሞ ሽታውን የፈውስ ምልክት አድርጎ ይወደዋል። ነጩን ለራስ፣ ቢጫውን ለሆድ እያልኩ እሸጥ ነበር። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም፤ የጠየቀኝም አልነበረም፤ ጋሼ ደጀኔ እስኪመጣ።

ጋሼ ደጀኔ የመቱ ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ከጦሩ ጋር ቁስል እያሰረ ሙያውን የለመደ፣ አጭር፣ ደረቅ፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ የተከረከመ ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ጆንያዬ ፊት ቆመና ቢጫውን ኪኒን አነሳ።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«ለሆድ።»

«ለየትኛው ሆድ? ለእርጉዝ ሆድ? ለተራበ ሆድ? ወይስ ለሆዳም ሆድ?»

ገበያው ሳቀብኝ። እኔ ተናድጄ፣ «ጋሼ፣ የሚገዙ ከሆነ ይግዙ» አልኩት።

«አልገዛም። ቅዳሜ ክሊኒክ ና። ካልመጣህ ለወረዳ ገዢው ነግሬ ጆንያህን አቃጥለዋለሁ።»

ሄድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ገበያ በሌለ ቀን ሁሉ ሄድኩ። ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን በሽ ነበር። ኋላ በእሱ ምስክርነት ተፈትኜ የገጠር መድኃኒት ሻጭ የሚል ፈቃድ አገኘሁና መቱ ላይ ሱቅ ከፈትኩ።

የጋሼ ደጀኔን አሠራር ልንገራችሁ፤ ለእናንተ የሚረባው እሱ ነውና። የሽሮፕ ብልቃጥ ሲይዝ ጽሑፉ ያለበት ጎን ምንጊዜም በመዳፉ በኩል ነው። ጠብታ ቢወርድ በባዶው ጎን ይወርዳል፤ ጽሑፉን አያበላሸውም። «ጽሑፉ የጠፋ ብልቃጥ ዓይኑን የታሰረ ጠመንጃ ነው» ይል ነበር። ስሙን ድምፁን አውጥቶ ሦስት ጊዜ ያነበዋል፦ ከመደርደሪያ ሲያነሳ፣ ሲቀዳ፣ ሲመልስ። አንዴ «ትናንት ያነሱትን ያንኑ ብልቃጥ ለምን ያነባሉ?» ብዬው፣ «ብልቃጡ ያው ነው፤ እኔ ግን የትናንቱ ደጀኔ አይደለሁም» አለኝ። ኪኒን ሲቆጥር ሰላም አይልም። ወረዳ ገዢው ቢገባም አይልም። አንድ ጊዜ ገዢው «ደጀኔ፣ እንዴት አደርክ» ሲለው የቆጠረውን ገልብጦ ከአንድ ጀመረ። ጨርሶ ካጠፈ በኋላ ነው ተነስቶ እጅ የነሳው። መርፌውን ፕሪሙስ ምድጃ ላይ ቀቅሎ፣ ውኃው እስኪንተከተክ ሳይሆን ከተንተከተከ በኋላ ነው መጠበቅ የሚጀምረው። ፔኒሲሊን የወጋውን ሰው ደግሞ ወዲያው አያሰናብትም፤ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ያስቀምጠዋል። «መንገድ ላይ ከምትወድቅ እዚህ ሰልችቶህ ተቀመጥ» ይላል።

ማንበብ ለማይችለው በወረቀት ከረጢቱ ላይ ፀሐይ ይሥልለታል፦ ከተራራ የምትወጣ፣ አናት ላይ የቆመች፣ የምትጠልቅ። በየፀሐይዋ ሥር የፍሬውን ቁጥር በነጥብ ያደርጋል። ከዚያ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» ይላል። ሰውየው መልሶ በትክክል ካልነገረው አይለቀውም።

ሕጉን ደግሞ በጣት ነበር የሚያስቆጥረኝ። ሰውየው ማን ነው፣ መድኃኒቱ የቱ ነው፣ ልኩ ምን ያህል ነው፣ መንገዱ በአፍ ነው በመርፌ፣ ሰዓቱ መቼ ነው። ሰውየው አውራ ጣት ነው። «አውራ ጣት የሌለው እጅ አራት ጣት ቢኖረውም ምንም አይጨብጥም» ይል ነበር።

በእኛ አገር ታዲያ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው አውራ ጣት ነው። የታመመው ልጅ ከሆነ ወላጅ አይናገርም። የልጆቹን ቁጥር፣ ዕድሜያቸውን፣ ወንድነታቸውን ገበያ መሐል መናገር ለቡዳ ዓይን አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። ኦሮሞውም አማራውም በዚህ አይለያይም። «የቤት ሰው ታመመብኝ» ብሎ ያበቃል። የቤት ሰው ማለት አያትም ሊሆን ይችላል፣ የሚጠባም ሊሆን ይችላል። ጨዋ ነጋዴ ደግሞ ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ጋሼ ደጀኔ ግን ሰውየውን በትከሻው ይዞ መጋረጃ ኋላ ይወስደውና፣ «ስም አልፈልግም። ስንት ክረምት እንዳየ ብቻ ንገረኝ። ክረምት ቡዳ አይበላውም» ይለዋል። ሰውየው በጆሮው ያንሾካሽካል። እኔም በዚሁ መንገድ ብዙ ዓመት ሠራሁ።

*

ክረምቱ ወጥቶ ቆላው ንዳድ፣ የዛሬው ወባ፣ የሚያነሳበት ወር ነበር። የገበያ ቀን፣ ሱቁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ቶሌራ ገባ። ቶሌራ የዳሪሙ ገበሬ ነው፤ ከጨው ዘመኔ ጀምሮ የማውቀው፣ ማሩን ይዞ የሚመጣ፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ነበር የምናወራው።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ መኩሪያ።»

«ደኅና ነኝ። ከብቱ፣ ቀፎው፣ ቤቱ?»

«ቤት ንዳድ ገብቷል። የንዳድ ቆሪቻ ይስጡኝ።» ቆሪቻ መድኃኒት ማለት ነው።

«ማን ነው የታመመው?»

«የቤት ሰው ነው።»

ከኋላው ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። አንዱ «ጋሼ መኩሪያ፣ በቅሎዬ ዝናብ ላይ ናት» ይላል። ቶሌራ አቀርቅሮ ባርኔጣውን ያገላብጣል። ሚስቱ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር፤ አላሰብኩም። ሚስቱ ትሆናለች ብዬ አስቤ ነበር ያልኩት ኋላ፣ ለራሴ ነው።

ክሎሮኪን አሥር ፍሬ ቆጠርኩ፤ የአዋቂ ልክ። ፀሐዮቹን ሣልኩ። «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» አልኩት።

«እንደደረስኩ አራት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለት። በማግስቱ ሁለት። በሠልስቱ ሁለት።»

«ጎበዝ! ከዚህ ሁሉ ሰው አንተ ትሻላለህ» አልኩት።

መድኃኒቱን፣ ልኩን፣ መንገዱን፣ ሰዓቱን ጠይቄያለሁ። አራት ጣት። አውራ ጣቴ የት እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ራሱን ተላጭቷል። ባንኮኒው ላይ ያንኑ ከረጢት አስቀመጠ፤ ውስጡ ስድስት ፍሬ ቀርቷል።

«ይኼ ተርፏል፤ ሌላ ሰው ይዳንበት» አለኝ።

«ማን ሞተብህ?»

«ትንሿ።»

«ስንት…» አልኩ። «ስንት ክረምት አይታ ነበር?»

«ሦስት። ቆሪቻው መልካም ነበር፣ ጋሼ፤ እርስዎ አይዘኑ። እንዳሉኝ አራቱን ፈጨንላት። እንዳይመራት እናቷ በማር ለወሰችው፤ አንዲት እንኳ አልተፋችም፤ ጣቷን ልሳ ጨረሰች። ከዚያ ተኛች። ዕረፍት ያገኘች መስሎን ደስ ብሎን ነበር።» ባርኔጣውን አደረገ። «የሰው ዓይን ነው። ቀድሞ በልቷት ነበር።»

ልጅ ክሎሮኪን አይወድም። መራራነቱ ሐሞት ያስንቃል፤ ሌላ አገር ቢሆን ልጅቱ ሁለተኛውን ጉርሻ ፊታችሁ ላይ ትተፋው ነበር። የእኛ አገር ግን ማር አለው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። ስድስቱን ፍሬ ተቀበልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

*

ጋሼ ደጀኔ ያን ጊዜ እግሩ አብጦ ሥራ ትቶ ቤቱ ተቀምጧል። ሄጄ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሌላ ልጅ አለው?»

«አላውቅም። አይናገርም እኮ።»

«ካለው፣ ያ ልጅ ንዳድ ሲይዘው ያንኑ አራት ፍሬ በማር ይሰጠዋል። ልኩን አንተ አስተምረኸዋል፤ ተማሪውም ጎበዝ ነው ብለሃል። ሄደህ ንገረው።»

«ቢገድለኝስ?»

«ቢገድልህ እኔ እቀብርሃለሁ። ልጁን የሚቀብረው ግን አባቱ ነው።»

አልሄድኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ወንዙ ሞልቷል አልኩ። በሁለተኛው በቅሎዬ አነከሰች። በሦስተኛው የቡና ለቀማ ደረሰ። ነጋዴ ሰበብ አይቸግረውም፤ ሰበብ ቀረጥ የለውም። ሱቄ ስም ነበረው፤ ከዳሪሙ እስከ ጎሬ «መኩሪያ ጋ ሂድ፣ አይሳሳትም» ይባል ነበር፤ ያን ስም ነበር የማስታምመው። ጋሼ ደጀኔ ጋ በሄድኩ ቁጥር «ሄድክ?» ይለኛል። «አልሄድኩም» ስለው፣ «እንግዲያው በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» ይልና ፊቱን ያዞራል።

በአራተኛው የገበያ ቀን ቶሌራ ራሱ መጣ።

«ያንኑ ቆሪቻ ይስጡኝ፤ አሥሩን።»

«ለማን ነው?»

«ለራሴ ነው። ንዳድ ይዞኛል።»

እጁን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው። የአንድ ቀን ተኩል መንገድ በእግሩ መጥቷል፤ ንዳድ የያዘው ሰው እንኳን ከዳሪሙ መቱ፣ ከመደብ እስከ በር አይሄድም።

«ቶሌራ፣ አንተ አልታመምክም።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ዳኛ ሆኑ? የማይሸጡልኝ ከሆነ ከማዶ ካለው ሱቅ እገዛለሁ። እዚያ ጥያቄ የለም።»

እውነቱን ነው። ከማዶ ያለው ሱቅ እኔ ድሮ እንደሸጥኩት፣ ከሳሙና ጋር ይሸጥለታል። ልኩን እንደሆነ በቃሉ ይዞታል። ከወጣ አበቃ። ክንዱን ይዤ መጋረጃ ኋላ አስገባሁት።

«ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ልጅህን የገደላት ንዳዱ አይደለም» አልኩት። «ዓይንም አይደለም። አራቱ ፍሬ ነው። የሰጠሁህ የትልቅ ሰው ልክ ነበር። ስንት ክረምት እንዳየች መጠየቅ የእኔ ሥራ ነው። አልጠየቅኩህም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ይጣራል። «ጋሼ መኩሪያ! እዚህ ሰው የለም እንዴ?»

ቶሌራ አልጮኸም፤ በትርም አላነሳም። ጣቶቹን አየ።

«በማር ነው እኮ የሰጠናት።»

«አውቃለሁ።»

«ባይጣፍጣት ትተፋው ነበር።»

«ትተፋው ነበር» አልኩ።

«የለወሰችው እናቷ ናት» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ለእሷ እንዳትነግር።»

ከተዋወቅን ጀምሮ «አንተ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። አልነገርኳትም። ይህን ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት እሷ ካረፈች በኋላ ነው።

ቶሌራ እንደ እንግዳ ሰው በደረቅ ድምፅ፣ «ወንድ ነው። ሁለተኛ ክረምቱን አሁን ጨረሰ። ትኩሳቱ ከጀመረው አራተኛ ቀኑ ነው» አለ።

ሱቁን በገበያ ቀን ዘጋሁ። በመቱ ነጋዴ ዘንድ ይህ እብደት ነው፤ ጎረቤቴ «ማን ሞተብህ?» ብሎ ጮኸ። ቡና የምመዝንበትን መንጠልጠያ ሚዛን፣ ቢላዋዬንና ኪኒኑን በቅሎዬ ላይ ጫንኩ። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ በቅሎዬን ልቀመጥባት አፍሬ እየሳብኳት ሄድን።

ሚስቱ እንደ ትልቅ እንግዳ ተቀበለችኝ። ልጁ መደብ ላይ ተኝቶ እንደ ምድጃ ይፋጃል። በነጠላዋ አድርጌ ሚዛኑ ላይ ላንጠለጥለው ስል ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ልጄን ሊሸጡት ነው?»

«ልኩን እንዳልስት ነው፣ እትዬ።»

መዝኜ፣ ለክብደቱ የሚሆነውን ከአንዲት ፍሬ ቆርሼ፣ የተረፈውን ቁራጭ ኪሴ ከትቼ፣ ፈጨሁት። ዞር ስል በሸክላ ጽዋ ማር ይዛ ቆማለች። በማር ቢሆን አሁን ጉዳት የለውም፤ ልኩ ልክ ነው። ግን እጄን ለማሩ አልዘረጋሁም።

«መልሺው» አላት ቶሌራ። «በውኃ ይሁን።»

«ምን ማለትህ ነው? ይመረዋል እኮ!»

«ይምረረው።»

ልጁ ጮኸ፣ ተፋ፤ የተፋውን ያህል መልሼ ሰጠሁት። እናቱ እንዴት ያለ ጨካኝ አባት ነው በሚል ዓይን ባሏን ታየው ነበር፤ እሱም እንድታየው ተዋት። በየሰዓቱ በገዛ እጄ እየሰጠሁ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ላበው፤ ቆሎ ለመነኝ።

ስመለስ ቶሌራ እንደ ደንቡ ሸኘኝ። ወንዙ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ጫልቱ ነበር ስሟ» አለኝና ተመለሰ።

መቱ ገብቼ ለጋሼ ደጀኔ ነገርኩት። ደግ አደረግህ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። «ዘግይተሃል» አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ እጁን ጨብጬ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፍሩ እንደተከረከመ ነበር።

ቶሌራ ከዚያ በኋላ ሱቄን አልረገጠም። ማሩን ይዞ መቱ ሲመጣ በደጄ ያልፋል፤ እኔ ከወንበሬ እነሳለሁ፤ እሱ በሌላው በኩል ያያል። ስሜንም ገበያ ላይ አላነሳውም። ቢያነሳው ኖሮ ያን ጊዜውኑ እዘጋ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

በዓመቱ ግን፣ ንዳዱ ሲነሳ፣ ከዳሪሙ አንዲት ሴት መጣች፤ አይቻት አላውቅም። ሱቁ ሰው ሞልቷል። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ፣ ነጠላዋን ከአፏ አንስታ፣ ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

«ሴት ናት። አንድ ክረምት አይታለች። ገና ትጠባለች።»

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች አማተቡ። አንዷ «ኧረ ዝም በይ፣ አንቺ! ልጅሽን ልታስበዪያት ነው?» አለቻት።

«እዚህ ቤት ሳልነግር እንዳልገዛ ተብያለሁ» አለች።

«ማን ነው ያለሽ?» አልኳት።

«ቶሌራ ነዋ። ለሰው ሁሉ ነው የሚናገረው። ሰፈራችን ልጅ የታመመበት ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይሄዳል።»

ፍሬውን መቁጠር ጀምሬ ነበር። መልሼ ገለበጥኩት።

«ሌላስ ቶሌራ ምን አለሽ?»

አሰበች።

«ሌላ ምንም አላለም።»